ትንፋሽን ስለ መያዝ
(በማኅበራችን የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ብዙ ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ተቀምጣችሁ ሳላችሁ አፍና አፍንጫችሁን ዝጉና ሰዓታችሁን ተመልከቱ። (ጸጥታ ሆነ።) ይበቃል፤ ዓይናቸው የፈጠጠውን እያየን መቀጠል አንችልም።

እንግዲህ ያስጨነቃችሁ ምንድን ነው? አየር ማለቁ ነው እንደምትሉን እናውቃለን፤ እኛም እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ በደማችሁ ውስጥ ገና ብዙ ኦክሲጅን ነበረ። በዋናው ያስጨነቃችሁ መውጫ አጥቶ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንጎል ከኅብለ ሠረሠር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ያለው የመተንፈስ አዛዥ ይህ ጋዝ ሲበዛ ያውቃል፤ አውቆም ያስገድዳል። ሃልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት ይህን በ1905 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል።

ጡንቻም ድርሻ አለው። በ1954 እ.ኤ.አ. ፋውለር የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን እስኪሸነፉ ድረስ ትንፋሻቸውን አስያዛቸው፤ ወዲያው ኦክሲጅኑ ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የበዛ መጥፎ አየር አስተነፈሳቸው። ደማቸው ምንም አልተሻለውም፤ ጭንቀቱ ግን ቀለለላቸውና እንደገና ያዙ። የደረት ጡንቻ መንቀሳቀሱ ብቻ እፎይታ ሰጣቸው ማለት ነው።

ፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ደግሞ የልብ ምት ይዘገያል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣፊያም ተኮማትራ ያጠራቀመችውን ደም ትለቃለች። ሰውነት እንዲህ አድርጎ ይቆጥባል።

አሁን ወደ መጣንበት ጉዳይ እንግባ። ለሽርሽር ላንጋኖ ስንወርድ ውሃ ውስጥ ማን ይቆያል እያልን እንወራረዳለን። ከመጥለቃችንም በፊት አየር እናጠራቅም ብለን አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ በኃይል እንተነፍሳለን። ደማችን ግን ቀድሞውኑ ኦክሲጅን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ የምንጨምረው ኢምንት ነው። የምናራግፈው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው፤ ዘበኛውን ከበር አባርረን እንገባለን ማለት ነው። ዋናተኛው ሳይጨንቀው ይሄዳል፤ ኦክሲጅኑ በጡንቻው ሥራ ያልቃል፤ ተንፍስ የሚለው ሳይመጣ ራሱን ይስታል። አይጮኽም፤ አይንፈራገጥም። ዳር ያለነው «ጎበዝ!» እያልን እንቆጥራለን። ክሬግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዲህ ራሳቸውን ስለ ሳቱ ዋናተኞች በ1961 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ዋና የማያውቀውማ ጥልቁን ስለሚፈራ ከዳር አይርቅም።

እኛ ደገኞች ደግሞ ሌላ ጉድለት አለብን። በአዲስ አበባ፣ በ2400 ሜትር ያህል ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ላንጋኖም ቢሆን ከባሕር ጠለል ከ1500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የሳምባችን ስንቅ ያነሰ ነው።

ለሚቀጥለው ጉዞ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ የውሃ ውስጥ ውርርዱ ይቅር። ሳምባውን መለካት የሚሻ ዛሬ እንዳደረግነው ወንበር ላይ ይለካ። ሰው ከውሃ ሥር መንቀሳቀሱን ካቆመ መቁጠር ትታችሁ ወዲያው አውጡት፤ የማይተነፍስ ከሆነም ደረቱን ከመጫን አስቀድማችሁ በአፉ አየር ንፉለት። አነፋፉን ከስብሰባው በኋላ እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ እናሳያለን።