ዙኦሎጂን በድኅረ ምረቃ ማጥናት ምን ይጠይቃል?

በኩታበር ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



በዙኦሎጂ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ለማግኘት ምን እንደሚጠየቅ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፤ በየዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። እኔ ላስረዳ የምሻው ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው በር፣ የትኛው ቤት እንደ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ስሙን እንለይ። ዙኦሎጂ ከእንስሳት እርባታ ትምህርት የተለየ ነው። የእርባታ ባለሙያ ላሚቱ ወተቷ እንዲበዛ ይመራመራል። የዙኦሎጂ ተማሪ ግን ከነፍሳት እስከ ነብር ያሉ እንስሳት እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚዛመዱ ይጠይቃል። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በወጉ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ ትምህርቱ በአንዳንድ ቦታ ራሱን በቻለ ክፍል፣ በሌላው በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሥር ይሰጣል። የነፍሳት ሳይንስ፣ የዓሣና የውኃ አካላት ጥናት፣ የዱር እንስሳት ሥነ ምኅዳር ከዘርፎቹ መካከል ናቸው።

አሁን ወደ በሮቹ እንግባ። የመጀመሪያው በባዮሎጂ ወይም በተቀራራቢ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተናን ማለፍ አለበት። ቀጥሎ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይመጣል። ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ፣ በሁለተኛው የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። ሦስተኛ ዲግሪ ለአራት ዓመት ይታቀዳል፤ ብዙ ጊዜም በታወቀ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ይጠይቃል። ከኮርሶቹ ሁሉ ስታትስቲክስን አትፍሩ፣ አትናቁም። እንስሳ ቆጥሮ ቁጥሩን መተርጎም ያልቻለ ሰው የሚመለሰው ወሬ ይዞ እንጂ ዕውቀት ይዞ አይደለም።

ቤቱ ግን ጥያቄው ነው። የጥናት ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ሰነድ በመሠረቱ፣ ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ በምን መንገድ እንደምትመልሱ የምትገቡት ቃል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ተረጋግቶ ሲመላለስ ይታያል፤ ጭላዶቹም አይሸሹትም። ይህን ያዩ ተመራማሪዎች «ቀበሮው ከዚህ ምን ያተርፋል?» ብለው ጠየቁ። ቀበሮው አይጥ ለመያዝ ያደረጋቸውን ሙከራዎች በመንጋው ውስጥ ሲሆንና ብቻውን ሲሆን ለይተው መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው፣ በጭላዶች መካከል ሲያድን 67 በመቶ ያህሉ ሙከራው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ያህሉ ብቻ። መነሻው ዓይን፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ነበር።

ከእኛ ዞን ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም አቅጣጫ፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። አስታው፣ ጅብራው፣ የጓሳው ሣር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚያ ይገኛሉ። የደጋ ገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ ጥያቄ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ገደል አፋፍ ላይ ያለ የገብስ ማሳ ከጭላዳ ምን ያህል ጉዳት ይደርስበታል? ገበሬው «ሁሉን ጨረሰው» ይላል፤ የፓርክ ጠባቂው «ጥቂት ነው» ይላል። ተማሪው የማሳውን ጥቂት ቦታዎች ያጥራል፣ ሌሎቹን ክፍት ይተዋል፤ በአጨዳ ጊዜ የሁለቱን ምርት መዝኖ ያነጻጽራል። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ስለሚወጣ፣ ቆጣሪው በማለዳ አፋፉ ላይ መገኘት አለበት። አንድ ቀን የተቆጠረ መንጋ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ በክረምትም በበጋም መደጋገም ይኖርበታል።

ከንድፈ ሐሳቡ በኋላ ፈቃድ ይከተላል። በፌዴራል ፓርክ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በክልል ፓርክ የክልሉ መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ ጥናት አይጀመርም። የዘረመል ናሙና ለሚወስድ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ይህ አዋጅ የጄኔቲክ ሀብትን ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡን ዕውቀትና መብት ጭምር ይጠብቃል። ብዙ ተማሪ እንደ አሰልቺ ወረቀት ያየዋል፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ትርጉሙ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን እንስሳት ፍራንክፈርት ወደሚገኘው ዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ወሰደ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በሳይንስ መዝገብ የሚጠሩባቸውን ስሞች የሰጠው እርሱ ነው። የሩፔልን ትጋት አከብራለሁ። ነገር ግን መንገዱን ያሳዩት፣ የእንስሳውን ጠባይ የነገሩት እረኞች ስም በመዝገቡ የለም። ዛሬ የእረኛ ልጅ ራሱ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ከአገር ውስጥና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት፣ በደጋችን «ወርቃማ ቀበሮ» ሲባል የኖረው እንስሳ በዘረመሉ ወደ ተኩላ ወገን እንደሚቀርብ አሳይቷል። ቀይ ቀበሮም ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዝምድናው ከተኩላ ጋር ነው። እንግዲህ ደጅ ላይ የምናየውን እንስሳ እንኳ ገና አውቀን አልጨረስንም።

የመጨረሻው በር የመመረቂያ ጽሑፉን በውጭና በውስጥ ፈታኞች ፊት መከላከል ነው። እዚህ ላይ ግልጽ ልናገር። በሩን በተገዛ ጽሑፍ፣ በተቀዳ ሠንጠረዥ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም። ወረቀቱን ይይዛል፤ ግን ተራራው ላይ ወጥቶ የቆጠረውን ሰው ያህል አያውቅም። የሐሰት ቁጥር ጉዳቱም ከባለቤቱ አያበቃም። በዓለም ላይ የቀሩት አካለ መጠን ያደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደ ሆኑ ይገመታል፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ወደ ላይ የሚወጣ እርሻ ያሰጓቸዋል። ያልታየን ቀበሮ «አየሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ክትባትና ጥበቃ ወደሚያስፈልገው ቦታ እንዳይደርስ ያደርጋል።

ወላጆች «ከተመረቀ ወዲያ ምን ይበላል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማት፣ ፓርኮችና የዓሣ ሀብት ሥራዎች ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ቦታው ግን ሰፊ አይደለም። ስለዚህ ለማዕረጉ ብቻ የሚገባ ባይገባ ይሻለዋል። ጥያቄ ያለው ግን ይግባ።

ለመምህራን አንድ አደራ አለኝ፤ ለተማሪዎቻችሁ ደብተር ስጧቸው፤ ያዩትን ወፍ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፉ። ተማሪዎች ሆይ፣ የመስክ ማስታወሻችሁን በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ቦታ አኑሩ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት፣ የዓመታት ሥራ በቀናት ሊጠፋ እንደሚችል አስተምሮናል። ጥናታችሁን ስትጨርሱም ውጤቱን ማሳቸውን ለከፈቱላችሁ ገበሬዎች በአማርኛ ንገሯቸው። ይህ በመመሪያ ላይ ተጽፎ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ከመስፈርቶቹ ሁሉ አላሳንሰውም።