የበጋ ጓሮ የሚለካው በውኃ ነው



ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለው ገበሬ አዲስ ቦታ ሲደርስ በእጁ የሚገኘው ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው። በመንገድ ላይ የማይጠፋበት ንብረት ዕውቀቱ ብቻ ነው። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ጎመኑ ከጓሮ መቼ እንደሚተከል ጠንቅቆ ያውቃል። ይሁን እንጂ በደጋና በወይና ደጋ የተገኘው ይህ ዕውቀት በቆላ እንዳለ ሥራ ላይ ሲውል ባለቤቱን ይከዳዋል። የዚህ ገለጻ ዓላማ የጓሮ አትክልት በሞቃት አገር በየወቅቱ እንዴት እንደሚያዝ ማስረዳት ነው።

እንደሚታወቀው፣ የ1977 ዓ.ም. ድርቅን ተከትሎ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተጓጉዟል። ሥራው በጥድፊያ የተከናወነ፣ ብዙዎችም ሳይወዱ የሄዱበት ስለነበር ያስከተለው ጉዳት ከባድ ነው። ከሠፈራ ጣቢያዎቹ አንዱ በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ የሚገኘው ፓዊ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ወባ አለ፤ ከብትን የሚፈጅ የገንዲ በሽታም አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ የጉሙዝ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ስለሆነም አዲስ ገቢው ስለዚህ አፈርና ስለዚህ ሙቀት የሚማረው ነገር ሁሉ ቀድሞ ከነባሩ ነዋሪ ዘንድ እንደሚገኝ መዘንጋት አይገባም።

የጓሮ አትክልት ጉዳይ በችግር ጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የዕርዳታ እህል ሆድ ቢሞላም ቅጠልን አይተካም። አረንጓዴ ቅጠልና ቢጫ ፍሬ የጎደለበት ሕፃን ዳፍንት ይይዘዋል፤ ጀምበር ስትጠልቅ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ይዳብሳል። ችግሩ ከባሰ ዓይኑን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል። ይህን ለመከላከል ጎመን፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች ከፍተኛ ጥቅም አላቸው። ቅጠሉና ዱባው ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ሲበላ ጥቅሙ ይበልጥ ይዳብራል።

በቆላ የክረምቱ ጓሮ ጠላት የውኃ ብዛት ነው። በተለይም ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ስለሚያቁር የተክሉ ሥር ይበሰብሳል። በመሆኑም በክረምት መደቡ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ በመካከሉም ማንጣፈፊያ ቦይ ይወጣለታል። ለዚህ ወቅት የሚስማሙት ባሚያ፣ ዱባ፣ ቅል፣ በርበሬና ስኳር ድንች ናቸው። የስኳር ድንች ሐረግ መሬቱን ስለሚሸፍን አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይከላከላል።

ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ይገለበጣል። በክረምት ከፍ ያለው መደብ በበጋ ከመሬት ዝቅ ይደረጋል፤ የሚፈስበትን ጥቂት ውኃ ይዞ እንዲያቆይ ጠርዙ በአፈር ይከበባል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ቆስጣ የሚተከሉት በዚህ ጊዜ ነው። የቲማቲም ችግኝ በመስከረም መጨረሻ ተፈልቶ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ወደ መደቡ ቢዛወር፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት በታኅሣሥና በጥር ያፈራል። የዘገየ እንደሆነ ግን የመጋቢት ሙቀት አበባውን ያረግፈዋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመደቡ ስፋት ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ከቤት የሚተርፈው ውኃ 20 ሊትር ከሆነ፣ ማለትም አንድ ጄሪካን ከሞላ፣ ሊለማ የሚችለው 4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 40 ካሬ ሜትር ይትከል ቢባል በየቀኑ 10 ጄሪካን፣ ይኸውም 200 ኪሎ ውኃ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ መሸከም ግድ ይሆናል። ይህን ሸክም የሚሸከሙት ደግሞ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ የበጋ ጓሮ በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በውኃው ልክ ይለካ። ሰፊ ተተክሎ ከሚደርቅ፣ ጠባብ ተተክሎ ቢበላ ይሻላል።

ውኃውን ለማብቃቃት የሚከተሉት ተግባራት ይረዳሉ። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለመደቡ ይውላል፤ ሳሙና ያለበት እጣቢ ግን ከሙዝና ከፓፓያ ሥር ይደፋል። ውኃ ማጠጣት በማለዳ ወይም በማታ ነው። መደቡ በሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ ይሸፈናል፤ ምስጥ ግንዱን እንዳያገኘው ግን ጉዝጓዙ ከተክሉ አንድ ጋት ይርቃል። እጣቢ በጉድጓድም ሆነ በዕቃ ለሳምንት ከተኛ ትንኝ ይፈለፈልበታልና ሳይቆይ ይደፋ።

በግቢ ውስጥ ያለ ዛፍም ያለ ምክንያት አይቆረጥ። የምዕራቡን ፀሐይ የሚጋርድ ማንጎ ቤቱንም መደቡንም ያቀዘቅዛል። ሽፈራው በበጋ እንኳ የሚበላ ቅጠል የሚሰጥ ዛፍ ነው፤ የኮንሶ ገበሬዎች በድንጋይ እርከኖቻቸው ላይ ከማሽላ ጋር ሲያለሙት ኖረዋል። ተጠርጎ የተራቆተ ግቢ ንጹሕ ቢመስልም በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጎርፉ ቤት ይገባል።

በማጠቃለያም፣ የልማት ሠራተኛ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ አስቀድሞ ዘር ከማደሉ በፊት «ውኃ የምትቀጂው ከየት ነው? በቀን ስንት ጊዜ ትመላለሻለሽ?» ብሎ እናቲቱን ይጠይቅ። መደቡን የሚለካው ከመልሷ በኋላ ይሁን። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፣ ለቆላ ጓሮ ጊዜው ዝናቡ ሳያባራ፣ ቦታውም ከማጀት በር አጠገብ ነው።