ከድሮ የቪዲዮ ካሴት ስለሚሰማው ጫጫታ
(በማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ነገር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ካሉት ካሴቶች አንዳንዶቹ የሙታን ድምፅ የያዙ ናቸውና ጊዜያችሁን እንዳባከንሁባችሁ አትቁጠሩብኝ።

አንድ ጓደኛችን የእኅቱን የ1986 ዓ.ም. ሠርግ የያዘ ባለ 8 ሚሊሜትር ካሴት ይዞ መጣ። ሥዕሉ ደኅና ነው። አባታቸው ቆመው ሲመርቁ ግን «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ምርቃቱን ይውጠዋል። አባትየው ከዚህ ዓለም ከተለዩ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቤተ ሰቡም «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ጫጫታው ከካሴቱ ነው ወይስ ከውጭ? የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካሴቱን አቁሞ ማዳመጥ ነው። እኛ ብናቆመውም አንድ ጉርምርምታ አልጠፋም። የኮምፒዩተሩን ቻርጀር ከሶኬት ስንነቅለው ግን ጸጥ አለ። ለካ የመብራቱ 50 ኸርዝ በገመዱ በኩል እየገባ ኖሯል።

ካሴቱን መልሰን ስናጫውተው ዝዝታው አሁንም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼአለሁ። ይህኛውም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመታ ነውና። በፓል ሥርዓት ሥዕሉን የሚያነብበው ከበሮ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ በላዩም ሁለት ሄዶች ስላሉ ንባቡ በሰከንድ 50 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በባለ 8 ሚሊሜትር ካሴት ድምፁም የሚነበበው በነዚሁ ሄዶች ነው። እንግዲህ ሄዱ ከቆሸሸ፣ ወይም ማጫወቻው ካሴቱን ከቀረጸው ካሜራ ጋር አካሄዱ ካልገጠመ፣ በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። በቪ ኤች ኤስ ቢሆን ከሃይ ፋዩ ሌላ በክሩ ጠርዝ የተቀረጸ ተራ የድምፅ መስመር አለና ወደዚያ ማዞር ይቻላል፤ ጥራቱ ዝቅ ይላል እንጂ ዝዝታው ይቀራል።

ሄዱን በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግነው። ጥጥ አይቀርብም፤ ቃጫው ሄዱ ላይ ይያዛል። ለስላሳው ጨርቅ ባለበት ተይዞ ከበሮው በእጅ ይዞራል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይፈተግም። ትንሽ ተሻለ፤ አልዳነም። በመጨረሻ ሠርጉን የቀረጸው የአጎታቸው ልጅ ካሜራው ቁም ሣጥን ላይ እንዳለ ተሰማ። በዚያ ስናጫውተው ከ«ውለዱ ክበዱ» እስከ «አሜን» ድረስ ጥርት ብሎ ወጣ። ወዲያው ገለበጥነው።

ከምርቃቱ በስተ ጀርባ የካሜራው ሞተር ይሰማል። ይህ በማይክሮፎኑ ገብቶ አብሮ የተቀረጸ ስለ ሆነ ማጽዳትም ሆነ ማጫወቻ መለወጥ አያወጣውም። በኮምፒዩተር የሚያጠፉ አሉ፤ በበኩሌ አልወደውም፤ ሲበዛ ሰውዬውን ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ያስመስለዋል። ያልተነካው ቅጂ ይቀመጥና ከዚያ የወደዳችሁትን ሞክሩ።

አሁን ማጫወቻው ከካሴቱ ቀድሞ እያለቀ ነው። የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ በቤታችሁ አሮጌ የቪዲዮ ካሜራ ያላችሁ፣ ባይሠራም እንኳ፣ ከመጣሉ በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስታውቁልን እንለምናለን።