ዜናው ሚዛናዊ እንዲሆን ጋዜጠኛው ዋስትና ይኑረው
(ለከተማ መራጮች ከተደረገ ንግግር)



በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ በቴሌቪዥን የተላለፉትን የፓርቲዎች ክርክሮች ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያ የአየር ሰዓት የማንም ችሮታ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ መመራት እንዳለበት ይደነግጋል። ገንዘቡ ደግሞ የእናንተ የግብር ከፋዮቹ ነው።

ታዲያ ድንጋጌው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ሚዛኑ ለምን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል? ብዙዎች መልሱን ሳንሱር ውስጥ ብቻ ይፈልጉታል። እኛ የጋዜጠኛውንም ኪስ እንመለከታለን። በኤፍኤም ጣቢያዎች ከምትወዷቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹን የሚሠሩት የጣቢያው ደመወዝተኛ ያልሆኑ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። የአየር ሰዓት ይገዛሉ፤ ስፖንሰር ያፈላልጋሉ፤ ስፖንሰሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙም እንጀራቸውም ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ስፖንሰር ያደረገውን ድርጅት በምን አቅሙ ይጠይቅ? ስብሰባ ሊዘግብ ሄዶ አበሉን ከስብሰባው አዘጋጅ የሚቀበለው ሪፖርተርስ ምን ብሎ ይጻፍ? ልጁን መውቀስ ቀላል ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንደማይበቃ የሚያውቅ ሰው ግን አፉን ሞልቶ አይወቅሰውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያው የሰዓቱ ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ተቀጣሪ ስላልሆነ ከዚህ ሁሉ አይደርሰውም። ስለዚህ ጣቢያዎች ፈቃድ ሲያሳድሱ ከሠራተኞቻቸውና ከተባባሪ አዘጋጆቻቸው ጋር የገቡትን የጽሑፍ ውል እንዲያቀርቡ፣ ስፖንሰሩም በይዘቱ እጁን እንዳያስገባ በውሉ እንዲሰፍር በሕግ እናስደነግጋለን። ለማኅበረሰብ ሬዲዮዎች፣ አቅማቸውን እናውቃለንና፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ተቆጣጣሪውስ? የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የባለሥልጣኑ የቦርድ አባላት የፖለቲካ ፓርቲ አባል እንዳይሆኑ ይከለክል ነበር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው ማሻሻያ ይህን ገደብ አነሣ፤ የዋና ዳይሬክተሩንም ሹመት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ። ዳኛውን ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ከመረጠው ፊሽካው ለማን እንደሚነፋ አትጠይቁን! ገደቡን እንመልሳለን። ሹመቱ በምክር ቤቱ ግልጽ ስብሰባ እንዲጸድቅ፣ አድልዎ ተፈጸመ ብሎ ቅሬታ ያቀረበ ዜጋም ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያገኝ እናደርጋለን።

ይህ ሕግ ነገ መንግሥት ብንሆን እኛንም ያስከፋን ይሆናል። ተቃዋሚዎቻችን በብሔራዊው ጣቢያ፣ በዋናው የዜና ሰዓት ሲነቅፉን እየሰማን እንቀመጣለን። ዜና ይነሣ ብሎ ወደ ጣቢያ ስልክ የሚደውል ባለሥልጣን፣ የእኛም ሰው ቢሆን፣ በሕግ የሚጠየቅበትን አንቀጽ በረቂቃችን ውስጥ አስገብተናል።