አርባ ቀን ለታከመችው

ስለ ማህፀን መውጣት ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ ስላለው ማገገም የቀረበ ዲስኩር



ስለ ማህፀን መውጣት በአደባባይ ሲነገር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ነው። ይህን ያህል ሴቶች ታከሙ፣ ይህን ያህል ሐኪሞች ዘመቱ፣ ሕክምናው በነፃ ተሰጠ ይባልና ይጨበጨባል። ጭብጨባው ይገባል። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ግን ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ጊዜ የሚመለከት ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ማገገሙ ግን የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በታካሚዋ ቤት፣ በምንጩ መንገድና በማድቤቷ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕረፍቷ በሐኪሙ ምክርና በራሷ ጥንቃቄ ላይ ብቻ የሚጣል ጉዳይ አይደለም። የባሏ፣ የልጆቿና የጎረቤቶቿ ግዴታ ሆኖ ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታቀድ አለበት። ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ለአራስ የምንሰጠው አርባ ቀን አለን።

በመጀመሪያ ሕመሙን እንየው። ማህፀን፣ የሽንት ፊኛና ደንዳኔ ቦታቸውን ይዘው የሚኖሩት ከሥር በሚደግፏቸው የዳሌ ጡንቻዎችና ከላይና ከጎን በሚይዟቸው ጅማቶች ነው። እነዚህ ድጋፎች በወሊድ፣ በተለይም በተራዘመ ምጥ፣ ይለጠጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ነርቮቻቸውም ይጎዳሉ። ዕድሜ ሲገፋና የወር አበባ ሲቋረጥ ይሳሳሉ። ሥር የሰደደ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይገፏቸዋል። ድጋፉ ሲላላ ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲብስም ጨርሶ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀላል በሆነው ደረጃ የዳሌ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይረዳል፤ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ቀለበት መሰል ድጋፍም ብዙ ሴቶችን ያለ ቀዶ ሕክምና አሳርፏል። በከባዱ ደረጃ ግን የወጣው አካል ከልብስ ጋር እየታሸ ይቆስላል፣ ሽንት አልወጣ ይላል፣ አንዳንዴም የሽንት መውረጃው ተጣምሞ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ቀዶ ሕክምና በተለይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ሕመሙ ምን ያህል ከኑሮ ጋር የተሳሰረ እንደሆነ በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ያሳያል። በዚያ ጥናት ምርመራ ከተደረገላቸው ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ሁለተኛና ከዚያ በላይ የሆነ የመውረድ ደረጃ ተገኝቷል፤ የመውረድ ስሜት አለኝ ብለው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ይህን ልዩነት ሁሉ ለሀፍረት መስጠት ስህተት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውምና። ከሕመሙ ጋር ተያይዘው የተገኙትን ነገሮች ግን ልብ በሉ፦ የተራዘመ ምጥ፣ በደጋው ገጠር መኖር፣ በቀን ለ5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም። የአንድ ጊዜ ጥናት ስለሆነ ሸክሙ ብቻውን በሽታውን ያመጣል ብሎ አይፈርድም። ይሁን እንጂ ታክማ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ሴት የምትመለሰው ወደዚያው ሸክም መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ቀዶ ሕክምናውስ ምን ይሠራል? በስፋት የሚሠራው ዓይነት ማህፀኑን በብልት በኩል አውጥቶ የቀረውን ጫፍ ከዳሌ ጅማቶች ጋር ማሰርና የላሉትን የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ማጥበቅ ነው። ማህፀኑን ማውጣት ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ጫፉ በደንብ ካልታሰረ ብልቱ ራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ላይ የሚያስሩበትም መንገድ አለ። በዕድሜ ለገፉና ከእንግዲህ ግንኙነት ለማይሹ ሴቶች ደግሞ ብልቱን የሚዘጋ አጭር ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ምርጫው የሴትዮዋ መሆን አለበት። ልጅ መውለድ እንደሚቀር፣ የወር አበባ እንደሚቋረጥ፣ ከባሏ ጋር የሚኖራት ግንኙነት ምን እንደሚሆን አስቀድማ ሰምታ፣ ጠይቃና ተረድታ ካልፈረመች በፊርማው ቦታ የተቀመጠው አሻራ ፈቃድ ሊባል አይችልም። «ማህፀኔ ከወጣ ሴትነቴ ይቀራል» የሚለው ፍርሃትም በቁጣ አይመለስም። እንቁላል አመንጪዎቹ ካልተነኩ ሆርሞኗ እንደነበረ እንደሚቀጥል በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። በዚህ ሥራ ላይ ከሚውሉት ክሮች አንዱ ቫይክሪል የሚባለው ነው። ይህ ክር በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ በአራተኛው ሳምንት ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀረዋል፤ ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ጨርሶ ይሟሟል። በአንጻሩ የሰው ቁስል ጠባሳ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ወደ 80 በመቶ ለሚጠጋው ጥንካሬው ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ታካሚዋ «ሕመሙ ለቆኛል፣ ድኛለሁ» የምትልበት ጊዜ፣ ማለትም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለው፣ ክሩ ደክሞ ጠባሳው ገና ያልጠነከረበት ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ምንጩ አጠገብ ያለውን ሁኔታ እንመልከት። ባለ 25 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ በገመድ ይታሰራል፤ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ ትላለች፣ ገመዱን በደረቷ ላይ ታስራለች፣ ትንፋሿን ይዛ ወደ ፊት አጎንብሳ ትነሣለች። ያቺ የመነሣት ቅጽበት 25 ኪሎ ውሃ የሆድን ግፊት በሙሉ ወደ ዳሌ የሚያወርድባት ቅጽበት ናት። ከዚያ ዳገቱ ይቀጥላል፤ ነገም ይደገማል። «ከባድ ነገር አታንሺ» የሚለው የሐኪም ቃል ይህን ሥራ የሚረከብ ሰው ካልተገኘ ባዶ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ከሕክምናው ዓለም ራሱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መቶ ያህል ሴቶችን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። በአንደኛው ወገን ላይ ገደብ አልተጣለም፤ ሌላው ወገን ለሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሣ ተነገረው። በሦስተኛው ወር የሁለቱም እርካታ ተመሳሳይ ነበር። እንዲህ ከሆነ ዕረፍት ምን ይፈይዳል? ተቃውሞውን አላቃልለውም፤ ከእሱ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛ፣ ሴቲቱን አልጋ ላይ ማጋደም ሕክምና አይደለም። መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ቀላል የቤት ሥራ መሥራት ደም እንዳይረጋ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ሸክም ጥገናውን እንደሚያፈርስ የተሟላ ማስረጃ የለንም፤ ስለዚህ ታካሚዋን ማስፈራራት አይገባም። ግን ጥናቱ የጠየቀው ውሃ ከቧንቧ የሚቀዳበትን ኑሮ ነው። እዚያ «ያለ ገደብ» ማለት የገበያ ዘንቢልና የስፖርት ክፍል ሲሆን እዚህ ግን በቀን ለሰዓታት የሚዘልቅ ጭነት ማለት ነው። የአንዱን መልስ ለሌላው ጥያቄ ማዋል አይቻልም። ደግሞም የሸክሙ ጉዳት በጥገናው ላይ ብቻ የሚለካ አይደለም። ደም የፈሰሳት፣ ቁስሏ ያመረቀዘ ወይም ሽንት አልወጣ ያላት ሴት ምልክቱን አይታ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ጊዜና ጉልበት ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የሚመለስ ነገር ለምን ይቆረጣል?» የሚል ነው። መመለሱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ለዳሌ አካላት መውረድ ወይም ለሽንት ማምለጥ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ሴቶች 29 በመቶ የሚሆኑት ዳግም የተደረገላቸው እንደነበሩ መዝግቧል። ኦፕቲማል የተባለው ጥናት ደግሞ የአምስት ዓመት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣ፣ በጥብቅ መስፈርት ሲለካ ከታካሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ጥገናው «አልያዘም» ብሏል። ነገር ግን የሴቶቹ ስሜትና የኑሮ ሁኔታ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው በእጅጉ እንደተሻሻለ ቆይቷል፤ ዳግም የታከሙትም ጥቂቶች ነበሩ። በሐኪም መለኪያ ትንሽ መውረድ ያለባት ሴት በልቧ የዳነች ልትሆን ትችላለች። ጥገናውን በሰው ሠራሽ መረብ ለማጠንከር የተደረገውም ሙከራ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። መረቡ ሥጋን እየቀደደ በመውጣቱና ሕመም በማስከተሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በብልት በኩል ለዚህ ሕመም የሚገባውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ አስወጥቷል። በዕቃ የሚተካ ጠንካራ ድጋፍ ካልተገኘ በቤት የሚሰጠው ድጋፍ የበለጠ ዋጋ ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ እኔን የሚከብደኝም ይኸው ነው። «ቤቱ አንዲት ሴት ለአርባ ቀን ሥራ ብትፈታ ምን ሊበላ ነው? ውሃውስ የሚቀዳው ልጅቷ ከትምህርት ቀርታ አይደለም ወይ?» ይባላል። ሸክሙ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ በእርግጥ አዲስ በደል ሠራን። መልሱ ግን ዕረፍቱን መተው ሳይሆን ሸክሙ የሚያርፍበትን ትከሻ መምረጥ ነው። አህያ ያለው ቤት ውሃውን በአህያ ያስጭናል፤ ባልና ወንዶች ልጆች እንጨቱን ይለቅማሉ፤ ጎረቤት በአዝመራ ጊዜ በደቦና በወንፈል የሚረዳዳውን ያህል በውሃ ይረዳዳል። አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ቀኑ የሚመረጥ ነው። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ማድረግ ከአረም ወቅት ማድረግ ይሻላል። ጾመኛዋም የንስሐ አባቷን አማክራ ለዚያ ሰሞን ጾሙን ብትፈታ በቂ ውሃ እየጠጣችና ተልባ እየወሰደች ድርቀትን ትከላከላለች፤ ሲቀመጡ ማማጥ ዳሌን የሚገፋ ሁለተኛ ሸክም ነውና።

አርባ ቀኑን የጠራሁት ለዚህ ነው። የሐኪሞች የስድስት ሳምንት የዕረፍት ልማድ 42 ቀን ነው፤ የአራስ ቤቱ ልክ ከሞላ ጎደል እሱው ነው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አርባ ቀን የሚታወቅ ጊዜ ነው። አራስ ስትኖር ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ውሃ ቀጂ ይታዘዛል፣ ባልም ከመኝታዋ ይርቃል። «ድሀዪቱ አራስ እኮ አርባ ቀን አትተኛም» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን አራስን ቶሎ ለሥራ ያስነሣ ቤት ነውር እንደሠራ የሚያውቅ መሆኑ ነው። የታከመችዋን ያስነሣው ግን ነውር መሥራቱ አይታወቀውም፤ ለእሷ የተደነገገ ልማድ የለምና። ሕመሙም የሚታይ ሕፃን አልሰጣትም፤ ይልቁንም ለዓመታት ስትደብቀው የኖረችው ነው። በአማራ ክልል ሴቶችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አንዳንዶች ከባልና ከዘመድ ድጋፍ ሲያገኙ ሌሎች መገለልና ፍቺ እንደደረሰባቸው አስፍሯል። ምስጢሯን ሳትፈልግ ማውጣት አይገባም፤ ማኅበረሰቡ «ቀዶ ሕክምና አድርጋለች» የሚለውን ማወቁ ውሃ ለመቅዳት በቂ ነው።

«ይልቅ መከላከሉ አይቀድምም ወይ?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማስቀረት፣ ወሊድን ማራራቅና ምጥ ሲራዘም ቶሎ ጤና ተቋም መድረስ የነገዋን ሴት ያድናሉ፤ ዛሬ የታመመችውን ግን አይመልሱም። ከኔፓል የምንማረው ይህን ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የማህፀን መውጣትን እንደ ሥነ ተዋልዶ መብት ጥሰት አይቶ መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ አዘዘ፤ ነፃ ቀዶ ሕክምናም ተስፋፋ። ይሁንና አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ በሴቶች ላይ ያለው የሥራ ጫናና አድልዎ ሳይነካ ቀዶ ሕክምና ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል። መከላከልና ማገገም የሚገናኙት እዚህ ነው፦ ሁለቱም ከሴቲቱ ጀርባ ላይ ሸክም ያነሣሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም ባል ወይም ዘመድ ባለበት፣ ሴቲቱ ከፈቀደች፣ «ለስድስት ሳምንት ውሃ የሚቀዳው ማነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተሰጠው መልስም ከመድኃኒቱ ጋር በመውጫ ካርዷ ላይ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ቤቷ ጎራ ብላ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳትና ሽንት አልወጣም ማለት መኖር አለመኖሩን ትጠይቅ፤ ጀሪካኑን የተሸከመው ማን እንደሆነም ትይ። ዘመቻውን የሚያዘጋጁ ወገኖችም በሪፖርታቸው የቀደዱትን ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ያገገሙትን ይቍጠሩ። ይህ ቁጥር ከሌለ የምናወራው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለ ሴቶቹ ጤና ገና አልተናገርንም።