ስለ ዕድራችን መኪና መፍላት፤ ስለ ቴርሞስታትና በውሃው ውስጥ ስለሚቀር አየር
(በዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበሩ «ስለ መኪናዋ ነገር እርስዎ ቢነግሩን» ስላሉኝ ነው የቆምኩት። ሙያዬ መካኒክነት አይደለም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ የጥገና ማዘዣ መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ፤ አንድ መኪና በምን ምክንያት ስንቴ ጋራዥ እንደሚመላለስ ከወረቀቱ ላይ አይቻለሁ።

እንደሚታወቀው ድንኳኑንና ወንበሩን፤ አስፈላጊም ሲሆን ሬሳውን የምታደርስልን ሚኒባስ ውሃ እየፈላባት አስቸግራናለች። ሬሳ ጭኖ መንገድ ዳር ቆሞ ውሃ መለመን ለሐዘንተኛው ሁለተኛ ሐዘን ነው። ታዲያ የታየችበት ጋራዥ «ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት» አለ፤ ከኛም ብዙዎቹ ይህንኑ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ በር ናት። በሆዷ ሰም አለ። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ገፍቶ ይከፍታል፤ ሲበርድ ደግሞ ሞላው ይመልሰዋል። የምትከፈትበት ዲግሪ ብዙ ጊዜ በላይዋ ተቀርጿል፤ 82 ወይም 88 የሚል ታገኛላችሁ። እስከዚያ ድረስ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ታደርጋለች።

አውጥተን ብንጥላትስ? ሞተሩ እንደበረደ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ውስጡም ያለ ጊዜው ያልቃል። ይኸ ብቻ አይደለም። በብዙ መኪኖች ቴርሞስታቷ ከበታቿ ሁለተኛ ሳህን አላት፤ በሩ ሲከፈት ይህች ሳህን አጭሩን መንገድ ትዘጋለች። ከወጣች ግን አጭሩ መንገድ ክፍት ስለሚቀር፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ እንደጋለ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ እንዲያውም ይብስበታል ማለት ነው። በያዝኩት መዝገብ አንዲት ፒካፕ «ቴርሞስታት ወጥቷል» ተብሎ ከተጻፈላት በኋላ ሁለት ጊዜ ለቴስታታ ተመልሳለች። የቴርሞስታት ዋጋና የቴስታታ ሥራ ዋጋ ደግሞ የሚወዳደር አይደለም፤ ገንዘብ ያዣችን ያውቁታል።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ፤ እዚህ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በመኪናው ውስጥ ከ110 በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ያው እንደ ድስቱ ነው። የኛ መኪና ደግሞ ሥራዋ ለቀስተኛ እየተከተለች በሰው እርምጃ መሄድ ነው፤ ነፋስ አታገኝም። ስለዚህ ክዳኑም አብሮ ይለወጥ፤ የማራገቢያው ቺንጋም ይታይ።

ቴርሞስታቷ መበላሸቷን ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። በክር አስራችሁ፤ የድስቱን ቂጥ ሳትነካ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሏትና ከሰል ላይ ጣዱት። 82 የሚለው ውሃው ሳይፈላ በግልጽ መከፈት አለበት። 88 የሚለው በኛ አገር ሊፈላ ሲል ነው ጀምሮ የሚታየው፤ አትቸኩሉ። ፈልቶም ካልተከፈተች፤ ወይም ከበረደ በኋላ ካልተዘጋች ለውጧት።

ስትለወጥ ሞተሩ መብረድ አለበት፤ በጋለበት ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ኩላንቱ በሳፋ ይቀዳ፤ መሬት ላይ አይፍሰስ፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ልጅም ውሻም ቢልሰው መርዝ ነው። ሞላው ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይዞራል። ከጎኗ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ሹል ነገር ያለባት ቀዳዳ ካለች፤ ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያልፈው በሷ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ብረቱን ሳይቧጥጡ ይነሳና አዲስ ይገባል። ብሎኖቹ ተራ በተራ ይጥበቁ፤ ክዳኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ጉልበት አይፈልግም፤ ይሰነጠቃል።

አሁን ዋናው ነገር አየሩን ማስወጣት ነው፤ ብዙ ጋራዥ ይህንን ችላ ይላል። ውሃ በተሞላ ጊዜ አየር ይታፈናል። የሚኒባስ ሞተር ወንበር ሥር ስለሆነና ቱቦዎቹም ረጃጅም ስለሆኑ ደግሞ ይብስበታል። አየር ባለበት ቦታ ውሃ የለም፤ ውሃ በሌለበት ቴስታታው ይጋግማል። ስለዚህ መኪናዋን ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ውሃውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ፤ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይላላ። ከዚያ የራዲያተሩ ክዳን እንደተከፈተ ሞተሩን አስነሱና ቤንዚን ሳትሰጡት ይሥራ። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዛችሁ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ፤ አረፋው ይወጣል። ያ ቱቦ በድንገት ሲሞቅ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ውሃው ዝቅ ይላል፤ ጨምሩለትና ክዳኑን ግጠሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃው እንደገና ይታይ፤ ጥቂት መጉደሉ አያስደነግጥም። አረፋው ግን አላቋርጥ ካለ፤ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነውና መኪናዋ ለቀብር ከመታዘዟ በፊት ለኮሚቴው ይነገር።