እግር ሲከዳ፦ እንቅርትና ፖታሲየም

ዛሬ የምንነጋገረው ሌሊት በድንገት እግር ስለሚያሳጣ ሕመም ነው።

እንቅርትን የማያውቅ የለም። አንገት ላይ የሚያብጠው ዕጢ ታይሮይድ ይባላል። ይህ ዕጢ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይሠራል። ያን ጊዜ ሰውየው በደንብ እየበላ ይከሳል። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በብርድ እንኳ ያልበዋል። እንቅርት ሁሉ እንዲህ አያደርግም። አንገቱ ሳያብጥ የሚታመምም አለ።

ፖታሲየም ደግሞ በሙዝ፣ በድንችና በባቄላ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። ጡንቻና ልብ ያለ እሱ አይሠሩም። ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ፖታሲየሙ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከሰውነት አልጠፋም፤ ቦታውን ለቀቀ እንጂ። ደም ውስጥ ግን ያንሳል። ጡንቻም አልታዘዝ ይላል።

እስቲ አንድ ጎልማሳ አስቡ። ቀን ከባድ ሥራ ሠርቶ፣ ማታ ብዙ በልቶ ተኛ። ሌሊት ልነሣ ቢል እግሩ እምቢ አለው። ይናገራል፤ ይሰማል፤ መቆም ግን አልቻለም። ቤተ ሰቡ ተደናገጠ። አንዱ «ልክፍት ነው» አለ። ሌላው «ጉልበት ይሁነው» ብሎ ብርዝ አመጣ። አደራችሁን፣ ብርዙን መልሱት! ጣፋጭ ነገር ፖታሲየሙን ይበልጥ ወደ ጡንቻ ይገፋዋል። ለደግ የታሰበው ሕመሙን ያብሰዋል።

ከእግሩ ይልቅ የሚያሰጋው ልቡ ነው። ፖታሲየም በጣም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ ሊቆምም ይችላል። አልፎ አልፎ መተንፈሻውም ይደክማል። ስለዚህ «ይንጋና እናያለን» አትበሉ። ተሸክማችሁም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት። የዕጢ ሕመም ካለበት ለሐኪሙ ንገሩ። ሐኪሙ የልቡን ምትና በደሙ ያለውን ፖታሲየም ይመረምራል። ፖታሲየሙንም የሚሰጠው እየለካ ነው። ለምን ቢባል፣ ጡንቻ ውስጥ የገባው በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። ከተሰጠው ጋር ሲደመር ከልክ ያልፋል፤ ያም ልብን ይጎዳል። እቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም።

የዕጢ ሕመም በሴቶች ይበዛል። ይህኛው ግን የሚበዛው በወንዶች፣ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ ነው። በምሥራቅ እስያ ሰዎች ይበልጥ ይታያል፤ ሌላውንም ሕዝብ አይምርም።

ዕጢው ታክሞ ሲስተካከል እግር መክዳቱ ይቀራል። እስከዚያው ድረስ ሰውየው ማታ ማታ ሆዱን አይሙላ፤ ጣፋጭ ያሳንስ፤ ጠላና አረቄም ይተው። መድኃኒቱን ደግሞ «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ።